«ንጹሕ ኒኬል ብቻውን አይሪዲየምን ይተካል»?

ቤዛ ኬ.፦ ትናንት ናትናኤል ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ስለሚከፍለው ሴል ይህን ብሎ ግራፍ ለጥፏል፤ ኦክስጅኑ የሚወጣበትን ምላሽ የሚያፋጥነው ካታሊስት ውዱ አይሪዲየም መሆኑ ቀርቶ ኒኬል ይሁን ነው የሚለው። ለመሆኑ የሴሉ አልካሊ ፈሳሽ፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ፣ ከብረት ጸድቷል? ከጠርሙሱ እንደወጣ ከሆነ ብረት አለበት፤ ኒኬል ሃይድሮክሳይድ ደግሞ እሱን ከፈሳሹ እየለቀመ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 የኦሪገን ዩኒቨርሲቲው የተመራማሪው የቦቸር ቡድን ብረቱን ሲያስወጣ ኒኬሉ ኦክስጅን የማውጣት አቅሙ ወደቀ።

ናትናኤል ዘ.፦ ብረትም እኮ ርካሽ ነው! አይሪዲየም እስከሌለ ድረስ ምን ያጨቃጭቃል?

ቤዛ ኬ.፦ «ብቻውን» ያልከው አንተ ነህ። ብረቱን ካልቆጠርከው መጠኑን አትቆጣጠረውም፤ ሌላ ጠርሙስ በከፈትክ ቁጥር ውጤትህ ይለዋወጣል። ማጽዳቱ አይከብድም፦ 2 ግራም ኒኬል ናይትሬት በ4 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሟና 20 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምርበት። ዝቃጩን፣ ማለትም ብረት ለቃሚውን ኒኬል ሃይድሮክሳይድ፣ በሴንትሪፉጅ (በሚያሽከረክር መለያ) ለይተህ ሦስት ጊዜ እጠበው። ከዚያ የምታጸዳውን ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምረህ 10 ደቂቃ በጥብጥ፣ ቢያንስ 3 ሰዓት አሳርፈውና ቅዳ። ሁሉም በፕላስቲክ ዕቃ ይሁን፤ አልካሊ ብርጭቆን ይበላል።

ሰሎሞን ዲ.፦ ንጽጽሩም አልተገናኘም። አይሪዲየም የሚፈለገው በአሲዳማው የፔም ሴል (ፕሮቶን በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን በሚሠራው) ነው፤ እዚያ ኒኬል ይሟሟል። በአልካሊ ሴል ማንም አይሪዲየም የግድ ነው አላለም።

ናትናኤል ዘ.፦ እሺ፣ በስኩዌር ሴንቲሜትር በ10 ሚሊአምፔር 250 ሚሊቮልት ትርፍ ቮልቴጅስ (ምላሹ በንድፈ ሐሳብ ከሚፈልገው በላይ የሚጨመረው)? በኒኬል ፎም፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በበዛበት ኒኬል፣ ላይ የተለካ ነው።

ሰሎሞን ዲ.፦ ችግሩ እዚያው ነው! የፎሙ የውስጥ ገጽ ከውጭ ስፋቱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያ ላይ በዚህ ቮልቴጅ አካባቢ ኒኬሉ ራሱ ኦክሲዳይዝ ስለሚሆን የምታነበው አምፔር ሁሉ የኦክስጅን አይደለም። ቮልቴጁን ከላይ ወደ ታች እያወረድክ ለካ፤ ወይም በቋሚ አምፔር አቆየው። ፋብሪካ የሚሠራው ደግሞ በስኩዌር ሴንቲሜትር ከ200 እስከ 400 ሚሊአምፔር ነው።

ሄለን መ.፦ ስለ ዋጋ ከሆነ ሁላችሁም መብራቱን ረስታችኋል። 100 ሚሊቮልት ብትቀንሱ በኪሎ ሃይድሮጅን የምታተርፉት 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሴሉ በ1.8 ቮልት ለአንድ ኪሎ 48 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል።

ቤዛ ኬ.፦ ሄለንዬ፣ 2.7 በየኪሎው ለዓመታት ሲደመር ቀላል አይደለም። ግን ካታሊስቱ ከቆየ ነው። ሴሉ ሲጠፋ ወደ ኋላ የሚመለሰው አምፔር ካቶዱን (ሃይድሮጅን የሚወጣበትን ጎን) ያበላሻል፤ ማብራት ማጥፋቱን ማን ፈተነ?

ናትናኤል ዘ.፦ ፈሳሹን አጽድቼ በጠፍጣፋ ኒኬል እደግመዋለሁ። ፖስቱን ግን አላነሳም።

ቤዛ ኬ.፦ «ብቻውን» የምትለዋን አንሳ፤ ሌላው ይቆይ።