ገና 17 ነው፣ የአስቤዛው ብር ግን አለቀ! ምን ላድርግ?

የሦስት ልጆች እናት (ጠያቂ)፣ ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 2:30
እንደምን አመሻችሁ። ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ዛሬ በጣም ጨንቆኛል። ለአስቤዛ በወር 20,000 ብር መድበናል። ከዚያ ላናልፍ ከባለቤቴ ጋር ተስማምተን ነበር። ዛሬ ገና 17 ነው፣ እጄ ላይ የቀረው 1,150 ብር ብቻ ነው። ሽንኩርት አሁን ማታ አለቀ። ደሞዝ የሚገባው በ30 ነው። በዚያ ላይ ለጽዮን፣ በ21፣ የባለቤቴ እናት ከደብረ ብርሃን ይመጣሉ። ነሐሴ ላይም ልክ እንዲህ ሆኖብኝ ነበር። መስከረምና ጥቅምት ግን ደህና አለፉ። ብሩ የት እንደሚገባ ግራ ገብቶኛል። መበደር አልፈልግም።

ሽሮ በየቀኑ፣ 2:41
አይዞሽ እህቴ! ጾሙ እኮ ገብቷል። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። እኛ ቤት የገና ጾም ኪስ የሚያርፍበት ወር ነው። ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ሽሮ፣ ረቡዕ ለለውጥ ያህል ወፈር ያለ ሽሮ።

ልጅ ከኮተቤ፣ 2:48
ጾም ወጪ ይቀንሳል የሚለው ነገር ለእኔ ልክ አይደለም። በጾም ዘይት በእጥፍ ነው የሚሄደው። ቲማቲሙ፣ ድንቹ፣ ሱፉ፣ ሁሉም ተፈላጊ ይሆናል። ልጆች ደግሞ አይጾሙም፤ ስለዚህ በአንድ ቤት ሁለት ድስት ይጣዳል። እኔ ዘይቱን የማድነው እንዲህ ነው፦ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አበስለዋለሁ። እንዳይዝ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ውሃ እጨምርበታለሁ። ሲበስልና ውሃው ሲመጥ ያኔ ዘይቱን አስገባለሁ። ዱሮ በአንድ ጭልፋ የምሠራው ወጥ አሁን በግማሽ ይወጣል። እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

በፖስታ ነው መፍትሔው፣ 2:55
ደሞዝ የገባ ዕለት ብሩን አውጥተሽ በአራት ፖስታ ከፍዪው። በየሳምንቱ አንድ ፖስታ። ያ ፖስታ ሲያልቅ የሚቀጥለው አይነካም። ብሩ ስልክ ላይ ካለ ሳይታወቅ ነው የሚያልቀው፤ 80 ላክ፣ 120 ላክ እያልሽ ትጨርሺዋለሽ። ፖስታ ግን በዓይንሽ ሲመነምን ታዪዋለሽ።

ጡረተኛው ሒሳብ ሠራተኛ፣ ከምሽቱ 3:10
ልጄ፣ በመጀመሪያ ደብተር ያዥ። 34 ዓመት የሰው ሒሳብ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ቤት ሒሳብ መጻፍ የጀመርኩት ጡረታ ስወጣ ነው፤ ይቆጨኛል። የገባውን በግራ፣ የወጣውን በቀኝ፣ በየቀኑ፣ ከመተኛትሽ በፊት። የ10 ብር ጎመንም ቢሆን ይጻፍ። ሁለተኛ፣ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ደሞዝተኛ በዓመት 12 ደሞዝ ይቀበላል፤ የሚበላው ግን 13 ወር ነው። ጳጉሜን ለብቻዋ ደሞዝ የላትም። አምስቱ ቀን፣ በ2019 ደግሞ ስድስቱ ቀን፣ ከነሐሴ ደሞዝ ነው የሚበላው። ወዲያው እንቁጣጣሽ ትመጣለች፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ነሐሴ ላይ የጎደለብሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ በየወሩ ለጳጉሜን ጥቂት ማስቀመጥ ይገባል። ሦስተኛ፣ ባልና ሚስት ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ቁጭ ብለው ሒሳብ ይተያዩ። ቡና እየጠጡ ይሁን፤ ያለ ቡና የተጀመረ የገንዘብ ወሬ ጠብ ይሆናል።

ልጅ ከኮተቤ፣ 3:14
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ግን ሽንኩርቷ ያለቀው ዛሬ ማታ ነው።

ጡረተኛው ሒሳብ ሠራተኛ፣ 3:16
እውነትህን ነው ልጄ። ለዛሬ ከጎረቤት ሁለት ራስ ትውሰድ፣ ነገ ትመልሳለች። ይሄ ብድር አይባልም፤ ጉርብትና ነው።

በኪሎ አስቡ፣ 3:22
ይቅርታ፣ እኔ በሐሳቡ ራሱ አልስማማም። 20,000 ብር ብሎ መቁረጥ ምን ጥቅም አለው? የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዘይት ስንቴ ዋጋ ቀየረ? ሽንኩርት በክረምትና በበጋ አንድ ነው? በጀት በብር ሳይሆን በኪሎ ነው የሚያዘው። ቤቴ በወር ስንት ኪሎ ሽንኩርት፣ ስንት ሊትር ዘይት፣ ስንት ኪሎ ጤፍ ይበላል? እሱን ካወቅሽ ዋጋው ሲጨምር የቱን መቀነስ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ። ብር ብቻ ካወቅሽ ግን የምታውቂው ማለቁን ነው።

የጉልት ደንበኛ፣ 3:30
እህት፣ አንድ ጥያቄ። ጤፍ አለ ወይስ የለም? እሱን አልነገርሽንም።

የሦስት ልጆች እናት (ጠያቂ)፣ 3:38
ጤፍማ አለ። ወር በገባ በሁለተኛው ቀን አንድ ኩንታል ገዛን። ነጭ ነው፣ ማኛ አይደለም። 13,500 ብር፤ ከነማስፈጫውና ከነጋሪው 14,600 ወጣበት። አምስት ሊትር ዘይት 1,500፣ ቡናና ስኳር 1,000። የቀረው በአትክልትና በዳቦ ነው የሄደው። ሽሮና በርበሬ ከእናቴ መጥቶልኛል። ዘይቱም ገና ግማሽ አለ። ስድስት ነን፤ የባለቤቴ እህትም እኛ ጋር ነው የምትኖረው።

የጉልት ደንበኛ፣ 3:41
እና አንድ ኩንታል ስንት ጊዜ ይቆያችኋል?

የሦስት ልጆች እናት (ጠያቂ)፣ 3:43
ሦስት ወር ገደማ። ያለፈውን የገዛነው ነሐሴ መጀመሪያ ነበር።

የጉልት ደንበኛ፣ ከምሽቱ 4:05
ተገኘ እህቴ! በይ ስሚኝ። አንቺ ገንዘብ አባካኝ አይደለሽም። የሦስት ወር እንጀራ በአንድ ወር ደሞዝ ነው የገዛሽው።

14,600ን ለሦስት ስናካፍለው በወር 4,900 አይሞላም። የዚህ ወር የጤፍ ድርሻሽ ያ ብቻ ነው። ዘይት 1,500፣ ቡናና ስኳር 1,000፣ አትክልትና ዳቦ 1,750 ጨምሪበት። እስከ ዛሬ በእውነት የበላችሁት ወደ 9,100 ብር ነው። በ17 ቀን! ከ20,000 ግማሹን እንኳ አልነካሽም። የቀረው ብር በርሜል ውስጥ ዱቄት ሆኖ ተቀምጧል። ነሐሴም ኅዳርም የጎደለብሽ ጤፍ የተገዛባቸው ወራት ስለሆኑ ነው። ጋሼ ያሉት የጳጉሜን ነገር ሲጨመርበት ደግሞ ነሐሴ ባሰ። መስከረምና ጥቅምት ደህና ያለፉት ጤፍ ስላልገዛሽባቸው ነው። በእነሱ ወራት የተረፈው የት ሄደ?

የሦስት ልጆች እናት (ጠያቂ)፣ 4:12
እንባዬ መጣ። ለካ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ጋር ይሄን ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን መሰለሽ። የመስከረሙ የደንብ ልብስና ደብተር ላይ ገባ። የጥቅምቱን አላስታውሰውም።

የጉልት ደንበኛ፣ 4:20
የጥቅምቱ ጤፍ ሊሆን ይገባው ነበር። ስለዚህ ከታኅሣሥ ጀምሮ ደሞዝ በገባ ዕለት መጀመሪያ 4,900 ብር ለጤፍ ለይ። ሌላ ሒሳብ ቁጥር ውስጥ አስገቢው ወይም እናትሽ ጋር አስቀምጪው። ከሠፈር ሴቶች ጋር እቁብ ካለሽ ዕጣሽን የካቲት ላይ ለምኚ። ጤፉ የሚያልቅብሽ ጥር መጨረሻ ነው። የታኅሣሥ፣ የጥርና የየካቲት ሲደመር 14,700 ይሆናል፤ ኩንታሉን ያለ ጭንቀት ትገዢዋለሽ። ቀሪው 15,100 ነው የወሩ አስቤዛ። 20,000 አለኝ ብለሽ አታስቢ። የለሽም።

አሁን ወደ 1,150ው። ከነገ ጀምሮ 13 ቀን ነው። ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቡና፣ ግማሽ ዘይት አለሽ፤ ቤትሽ ባዶ አይደለም። የእሁድ ገበያ ውጪ። በእኛ ሠፈር ዋጋ ቀይ ሽንኩርት 4 ኪሎ በ260፣ ድንች 3 ኪሎ በ120፣ ቲማቲም 2 ኪሎ በ120፣ ጎመን አራት እስር በ80። ድምሩ 580 ነው። ለልጆች ምሳ ዕቃ ዳቦ 270 ያዢ። 300 ይተርፍሻል። እሱን ለጽዮን አስቀምጪው፤ ግማሽ ኪሎ ምስር ክክ ለእንግዳ ይበቃል። ቲማቲሙን መጀመሪያ ጨርሺ፣ ድንቹ ይቆይልሻል። የቆየ እንጀራ አትጣዪ፤ ድርቆሽ አድርጊው። ተልባ ካለሽ ተልባ ፍትፍት ልጆች ይወዱታል።

ልጅ ከኮተቤ፣ 4:26
ዳቦ በ270 አይበቃም እኮ፤ የሦስት ልጅ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ቅቅል ድንች ወይም ቆሎ ብትይዝላቸው ይሻላል። ሽንኩርትም ከጉልት በመደብ አትግዢ። መደብ በዓይን ርካሽ ይመስላል፣ በኪሎ ሲሰላ ግን ውድ ነው።

የጉልት ደንበኛ፣ 4:31
ስለ ጉልት ግን አትክፋ ወንድሜ። እኔ ዱሮ 5 ኪሎ ቲማቲም በርካሽ እገዛ ነበር። ሁለቱ ኪሎ በስብሶ እጥለው ነበር። አሁን የሚበላሸውን ከጉልት በየሁለት ቀኑ፣ የማይበላሸውን ከእሁድ ገበያ ነው የምገዛው። የጉልቷ እናት ደግሞ ምርቃት ትጨምርልኛለች፤ ልጄ ሲታመም እቤት ድረስ መጥታ የጠየቀችኝም እሷ ናት።

ባለትዳር ነኝ፣ 4:40
ሁላችሁም እሷን ነው የምትመክሩት። አባወራውስ? ማታ ሲመጣ ምን ይዞ ይገባል?

የሦስት ልጆች እናት (ጠያቂ)፣ 4:47
እሱ ጥሩ ሰው ነው። ሲመጣ ለልጆች ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይገባል፤ ከአስቤዛው ሳይሆን ከራሱ ኪስ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የሠፈሩ ሱቅ ደብተር አለን። ሳሙና፣ ሻይ ቅጠል፣ ለስላሳ እየተባለ ይጻፋል። ዛሬ ሳየው 640 ደርሷል። እሱን አልቆጠርኩትም ነበር።

ጡረተኛው ሒሳብ ሠራተኛ፣ 4:55
ልጄ፣ ከብሩ ሁሉ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። የዱቤ ደብተር ከነገ ጀምሮ ይዘጋ። ባለሱቁን በጨዋ ደንብ «እስከ 30 አንጽፍም» በዪው። 640ውን ደሞዝ የገባ ዕለት ክፈዪ። ዱቤ የሚጻፈው ልጅ ሲላክ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ጥሬ ብር ሳይዙ አይላኩ።

አዲስ ፖስታ፣ ኅዳር 18፣ ጠዋት 1:15
እኔ የምመክርሽ ፖስታ ነው። ብሩን በአራት ከፍለሽ በየሳምንቱ አንድ ፖስታ።

በፖስታ ነው መፍትሔው፣ 1:20
ወንድሜ፣ እሱን ማታ ብዬዋለሁ። ግን ደገፍከኝ፣ ተባረክ።

የደብረ ብርሃን ልጅ፣ 1:44
ስለ አማትሽ ማንም አላነሳም። የደብረ ብርሃን እናት ባዶ እጇን ልጇ ቤት ትገባለች? ገብሱ፣ ባቄላው፣ በሶው በጆንያ ነው የሚመጣው። ችግሩ አንቺ ነሽ። ስልክ ደውለው «ምን ይዤ ልምጣ?» ሲሉሽ «ምንም አያስፈልግም፣ እርስዎ ብቻ ይምጡ» ትያቸዋለሽ። በዚህ ዓመት እንዲህ እንዳትዪ! «እማማ፣ የባቄላ ክክ ቢኖር ደስ ይለኛል» በያቸው። ደስታቸው ነው። በሶው ለልጆቹ ቁርስ፣ ባቄላው ለአሹቅና ለንፍሮ ይሆናል። ዳቦውም በከፊል ተሸፈነልሽ ማለት ነው። እሳቸው ራሳቸው ስልጆ ይጥሉልሽ ይሆናል።

ሽሮ በየቀኑ፣ 1:50
ባቄላ ከመጣ እኛም ለጽዮን እንግዳ ነን። አድራሻ ላኪ።

የሦስት ልጆች እናት (ጠያቂ)፣ 2:05
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሽንኩርት ከጎረቤት ወስጃለሁ። አማቴ ጋር አሁን ልደውል ነው። የእሁድ ገበያውን አይቼ እጽፍላችኋለሁ።

አዲስ ሙሽራ፣ ኅዳር 20
እኔም ጥያቄ አለኝ። ሁለት ነን፣ ወፍጮ ቤቱ ሩቅ ነው። ኩንታል መግዛት ይሻለናል ወይስ 25 ኪሎ?

የጉልት ደንበኛ፣ ኅዳር 20
25 ኪሎ ይበቃችኋል። አሁን አጨዳ ላይ ነው፤ አዲሱ ጤፍ ገበያ ሲገባ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ረገብ ይላል። ያኔ ብዙ ግዙ። ድርሻውን ግን ከዛሬ ጀምረሽ ለይ።

የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ኅዳር 26
የሦስት ልጆች እናት፣ ጽዮን እንዴት ዋለች? ባቄላው መጣ?

ጡረተኛው ሒሳብ ሠራተኛ፣ ታኅሣሥ 2
ልጄ፣ ደሞዝ ገብቷል። 4,900ውን ለየሽ?