ያገለገለ ስኪድ ሎደር፦ እጅ በእጅ ልግዛ፣ በብድር ልውሰድ ወይስ መከራየቱን ልቀጥል?

የጓሮ ሥራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግቢ ማስተካከልና ድንጋይ ንጣፍ እሠራለሁ፤ ያለኝ አንድ ረዳት ብቻ ነው። ስኪድ ሎደር፣ ብዙዎቻችን ቦብካት የምንለውን ትንሽ የመዛቂያና የመጫኛ ማሽን፣ እስካሁን ባስፈለገኝ ቁጥር እከራያለሁ። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ግን አከራዮቹ ዘንድ ማሽን አይገኝም፣ ደንበኛ ደግሞ አይጠብቅም። አሁን ሁለት ማሽን አይቻለሁ። አንዱ ባለ ጎማ ነው፣ 3,800 ሰዓት ሠርቷል፤ ያጠራቀምኩትን ካሟጠጥኩ እጅ በእጅ እገዛዋለሁ። ሌላው ባለ ሰንሰለት ነው፣ 1,500 ሰዓት ገደማ የሠራ፤ እሱን የምችለው በብድር ብቻ ነው። ችግሩ ወንድሜ ሀገር ቤት የጀመረውን ቤት ጣሪያ እንዳለብስለት ከዚሁ ገንዘብ ይጠብቃል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለ ግራሶ፦
ወንድሜ፣ ሰዓቱን ብቻ አይተህ አትወስን። ዘይቱና ግራሶው ሳይጓደልበት 3,800 ሰዓት የሠራ ማሽን፣ 1,500 ሰዓት ሙሉ የፈረሰ ኮንክሪት ሲዝቅ ከኖረው ሊሻል ይችላል። ቆጣሪም ይቀየራል። ቁጥሩን ከፔዳሉ፣ ከመቀመጫውና ከእጀታዎቹ ጋር አስተያይ፤ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ፔዳሉ ተልጦ ካገኘኸው ሻጩን አጥብቀህ ጠይቅ።

ስትሄድ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። «አሙቄ ጠበቅሁህ» ካለህ ሌላ ቀን ተመለስ፤ የናፍጣ ሞተር ድካሙ የሚታወቀው በብርድ ሲነሳ ነው። ሰማያዊ ጭስ ካየህ ዘይት እየበላ ነው። ሃይድሮሊኩ ግን ተቃራኒ ነው፦ ያረጀ ፓምፕ የሚሰንፈው ዘይቱ ሞቆ ሲቀጥን ነው። ስለዚህ እስኪሞቅ ድረስ አሠራውና ከፊቱ ያለውን መዛቂያ ባልዲ አፈር ክምር ውስጥ አስገብተህ ግፋ። አንዱ ጎን ቀድሞ ከደከመ፣ ወይም ቀጥ ብለህ ስትነዳ ወደ አንድ በኩል ከሳበህ፣ የመንጃውን የሃይድሮሊክ ፓምፕና ሞተር ጠርጥር። የዚህ ማሽን ከባዱ ወጪ እዚያ ነው።

በብዙዎቹ ባለ ጎማ ማሽኖች ጎማውን የሚያዞረው በዘይት ሳጥን ውስጥ ያለ ካቴና ነው። ማሽኑን በድጋፍ አንስተህ ጎማውን በእጅህ ወዲያና ወዲህ ነቅንቀው፤ በጣም ከላላ ካቴናው ተለጥጧል። ባለ ሰንሰለቱን ደግሞ የጎማ ሰንሰለቱን ስንጥቅ፣ የሮለሮቹን ኩሽኔታና ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ጥርስ ሹልነት እይ፤ ጥርሱ እንደ መንጠቆ ከሾለ ብዙም ሳይቆይ ሙሉውን መቀየርህ ነው።

መቀመጫው ላይ ሆነህ የደህንነት ብረቱን አንሳ። ባልዲውን የሚያነሳው ክንድ መታዘዝ ማቆም አለበት። አሁንም ከታዘዘ አንድ ሰው ሽቦውን አገናኝቶታል፤ ከዚያ ማሽን ውረድ፣ ሌላውን ሁሉ ተወው። ከተነሳ ክንድ ስር ደግሞ የክንዱ ማቆሚያ ሳይገባ እጅህን እንኳ አታስገባ። በዚህ ማሽን ሰው ከሚሞትባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

የቆየሁ ሰው፦
ልጄ፣ ባለ ግራሶ ያለው ትክክል ነው፤ የእኔ ጭንቀት ወረቀቱ ላይ ነው። በብዙ ሀገር እንዲህ ያለ ማሽን እንደ መኪና ሊብሬ የለውም። ባለቤትነቱ የሚታወቀው በሽያጭ ወረቀትና በሴሪያል ቁጥሩ ነው። ሻጩ ዕዳውን ሳይጨርስ ከሸጠልህ አበዳሪው ማሽኑን ከአንተ ግቢ ጭኖ ሊሄድ ይችላል፣ አንተ ከሻጩ ጋር ስትካሰስ ልትኖር ነው። ስለዚህ በብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር በዓይንህ አንብብ፣ ተፍቆ እንዳይሆን፤ ከዚያም የዕዳ መዝገብ የሚይዘው ክፍል ዘንድ አስፈትሽ። ሳታስፈትሽ ቀብድ አትስጥ።

ሁለተኛ፣ በምን ልትጭነው ነው? ማሽኑ ብቻውን እስከ ሦስት ቶንና ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ ባለ ሰንሰለቱ ይበልጥ ይከብዳል። ተሳቢው፣ ባልዲውና ሹካው ሲጨመሩ የመንጃ ፈቃድህ የማይፈቅደው ክብደት ላይ ልትደርስ ትችላለህ። ኢንሹራንሱም ከመኪናህ የተለየ ነው። ብድር የሚሉትን ደግሞ ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ አይተህ አትፈርም፤ ጠቅላላ የምትከፍለውን፣ ቀድመህ ብትዘጋ ቅጣት መኖሩንና ማሽኑ ከተበላሸ ክፍያው እንደማይቆም እይ።

እህታችሁ፦
ሁላችሁም ስለ ብረት አወራችሁ። የወንድሙን ጣሪያ ማን አነሳ? እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ቤተሰቤን የማገኘው በስልክ ነው፤ እናቴ ድምፅዋ ሲደክም ከሩቅ ይሰማኛል፣ ሄጄ ግን እጇን መያዝ አልችልም። ከእነሱ ጋር የሚያገናኘኝ የምልከው ነው። ቤት ተጀምሮ ጣሪያ ሲያጣ ግድግዳው በዝናብ ይበላል። ማሽን የትም አይሄድም፣ ዓመት ይጠብቃል።

ሥራ ወዳድ፦
እህቴ፣ ስሜትሽን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ይህ ሰው የሚልከው ገንዘብ የሚገኘው ከሥራው ነው። ማሽን ስለሌለው ሥራ እያመለጠው ነው። ይህን ማሽን መጀመሪያ የሠሩት ኬለር የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ሚኒሶታ ውስጥ፣ በ1957 እ.ኤ.አ.። አንድ የተርኪ ዶሮ አርቢ በጠባብ ቤቱ ውስጥ ገብቶ ኩስ የሚጠርግለት ትንሽ ማሽን ስለፈለገ ነው። ከጅምሩ የትንሽ ሠራተኛ መሣሪያ ነው ማለቴ ነው። የሁለት ሰው ሥራ የአምስት ሰው የሚያደርገው እሱ ነው፤ ያኔ ለወንድሙ ጣሪያ ብቻ ሳይሆን መስኮቱም ይደርሳል።

የጓሮ ሥራ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለ ግራሶ፣ ቅዳሜ ባለ ጎማውን አየዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፦ ለእኔ አብዛኛው ጭነት ንጣፍ ድንጋይ በፓሌት ነው፣ አፈርም አለ። ይችለዋል?

ባለ ግራሶ፦
ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛለህ። አንዱ ማሽኑ የሚገለበጥበት ክብደት ነው፤ ሌላው እንድትጭን የተፈቀደልህ። ለባለ ጎማ የተፈቀደው የመገለበጫው 50 በመቶ ነው፤ ለባለ ሰንሰለት በተለምዶ 35 በመቶ ይጻፋል፣ ስለዚህ የሁለቱን ሰሌዳ በቀጥታ አታወዳድር፤ መገለበጫውን ከመገለበጫው ጋር አስተያይ። 1,400 ኪሎ የሚገለብጠው ባለ ጎማ 700 ኪሎ እንድትጭን ይፈቅድልሃል ማለት ነው። ሙሉ ፓሌት ድንጋይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቶን ያልፋል። ግማሹን አውርደህ ልትጭን ነው ወይስ የሚበልጥ ማሽን ልትፈልግ? ይህን ሳትመልስ ቅዳሜ ገንዘብ ይዘህ አትሂድ። መኪና ላይ የምትጭን ከሆነ ክንዱ ቀጥ ብሎ የሚነሳውን ምረጥ፤ ቅስት የሚሠራው ለመቆፈርና ለመግፋት ይሻላል።

የቆየሁ ሰው፦
ልጄ፣ ከመግዛትህ በፊት ያለፈውን የሥራ ወቅት ደብተርህን ክፈት። የተከራየህባቸውን ቀናትና ማሽን በማጣትህ ያመለጡህን ሥራዎች ደምር። የኪራዩ ድምር ከማሽኑ ጥገና፣ ኢንሹራንስና ማቆሚያ ካላለፈ ተከራይ። ወንድምህን በተመለከተ ደግሞ፣ ሥራህ በእግሩ ሳይቆም አትላክለት። ብዙ ወጣት ሁሉን ልኮ እዚህ ባዶ እጁን ሲቀር አይቻለሁ፤ ያኔ የሚላክለትም ሰው የለውም።

እህታችሁ፦
አባቴ፣ በዕድሜዎ የበለጠ አይተዋል፣ አከብርዎታለሁ። ነገር ግን «ሥራህ በእግሩ ሳይቆም» ሲባል መቼ ይቆማል? ዛሬ ማሽን፣ ነገ ተሳቢ፣ ከነገ ወዲያ የሚበልጥ ማሽን። በየዓመቱ አንድ ምክንያት ይገኛል፣ ወንድም ይጠብቃል።

ሥራ ወዳድ፦
እንዲህ ከሆነ ማንም ሰው ምንም አይጀምርም እህቴ። ወንድሙ አዋቂ ሰው ነው፤ ራሱም ሠርቶ ጣሪያውን ማልበስ ይችላል። የእኛ ላብ ሀገር ቤት ላለው ሁሉ ደሞዝ መሆን የለበትም።

እህታችሁ፦
ደሞዝ? ወንድሙ እዚያ ምን እንደሚሠራ፣ እናትና አባታቸውን ማን እንደሚያስታምም አንተ ታውቃለህ? እኛ ስንወጣ የወላጆቻችንን ሸክም ትተን የመጣነው ለቀሩት ነው። የጓሮ ሥራ፣ አንተ ራስህ ንገረን፦ ወንድምህ ከማን ጋር ነው የሚኖረው? ጣሪያውስ ስንት ቆርቆሮ ነው የቀረው? ሙሉውን ነው የጠየቀህ ወይስ ግማሹን?