ማርክ ቱዬ ላይ ሁለት ቱርቦ ልግጠም?

የደብረ ብርሃኑ፦ ወንድሞች፣ ማርክ ቱ ቶዮታዬ ሞተሯ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ቱጄዜድ ጂኢ ነው። ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ጣርማበር ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ሁለት ቱርቦ ልገጥምላት ቆርጫለሁ። ከምን ልጀምር?

ባለ ጋራዡ፦ ከነዳጁ። ፓምፑንና ኢንጀክተሩን ሳታሳድግ ቱርቦ አትንካ። ደግሞ ያንተ ሞተር ኮምፕሬሽን (ሲሊንደር ውስጥ የገባው አየር የሚታመቅበት ልክ) 10 ለ 1 ነው፤ ቶዮታ ራሱ ሁለት ቱርቦ የገጠመለት ወንድሙ ቱጄዜድ ጂቲኢ ግን 8.5 ለ 1። ስለዚህ የቱርቦውን ግፊት 0.4 ባር ላይ ያዘው።

የሮቢቱ፦ የደረሰብኝን ልንገርህ። ቱርቦ የገጠምኩላትን የኔን መኪና ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ በዚያ ብርድ አስተካክዬ ደስ ብሎኝ ወረድኩ። ሮቢት ቆላ ነው፤ አየሩ ወፍራም፣ ሙቀቱም ከባድ። ሞተሩ ጠጠር እንደገባበት ጣሳ ይንኳኳ ጀመር። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ሲነሳ የሦስተኛው ፒስተን ጠርዝ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል። ኢንተርኩለር (ቱርቦው ያሞቀውን አየር ማቀዝቀዣ) ሳትገጥም፣ ቆላ ወርደህም ሞተሩን እንደገና ሳታስለካ እንዳትጋልባት፤ አደራ!

የደብረ ብርሃኑ፦ እግዜር ይስጥልኝ። መጀመሪያ ኢንተርኩለር አፈላልጋለሁ።