የጋራ የአዴኖቫይረስ ቬክተር ክምችት፦ በፕሮፖዛሉ ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
የተከበራችሁ አባላት፤ የመጀመሪያው ረቂቅ የሰው ጂን የተሸከሙ 40 የአዴኖቫይረስ ቬክተሮች (ጂንን ወደ ህዋስ እንዲያስገቡ የተለወጡ ቫይረሶች) ተዘጋጅተው ለአባል ላብራቶሪዎች እንዲዳረሱ ይጠይቃል። የጥራት መመዘኛውን የሚመለከተው ክፍል እስካሁን ባዶ ስለሆነ፣ በተለይ በእሱ ላይ ሐሳባችሁን እንድታሰፍሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የቬክተር ዝግጅት ባለሙያ፦
40 የሚለው ቁጥር የገምጋሚን ዓይን ይስብ ይሆናል እንጂ ለሥራው አይበጅም። የምንጠቀምበት ዝርያ 5 አዴኖቫይረስ 36,000 ያህል ጥንድ ቤዝ (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) አለው፤ ለመባዛት የሚያስፈልገው ኢ1 የተባለው ክፍል ተቆርጦ በምትኩ የምንፈልገው ጂን ስለሚገባ፣ ቬክተሩ የሚባዛው የጎደለውን ኢ1 በሚያሟሉለት ህዋሳት ውስጥ ነው። በ1973 በኔዘርላንድስ፣ ላይደን የተዘጋጁት ኤችኢኬ 293 ህዋሳት ይህን ያደርጋሉ። ችግሩ፣ በክሮሞሶማቸው ውስጥ የተቀመጠው የቫይረስ ቁራጭ ከኢ1 ግራና ቀኝ ያለውንም ስለሚይዝ፣ አልፎ አልፎ ከቬክተሩ ጋር ተለዋውጦ ኢ1ን ይመልስለታል። በእኛ ላብራቶሪ ይህ ደርሶብናል። ክምችቱ ከወትሮው ፈጥኖ ሲባዛ ደስ ብሎን ነበር፤ ኢ1 በሌላቸው ኤ549 ህዋሳት ላይ ደጋግመን ስናሳልፈው ግን ህዋሳቱ ክብ እየሆኑና እንደ ወይን ዘለላ እየተጠጋጉ ከሳህኑ ወለል ተላቀቁ፤ ይህም ክምችቱ ውስጥ ኢ1ን መልሶ ያገኘ፣ ያለ እገዛ የሚባዛ ቫይረስ እንዳለ አሳየን። የስድስት ወር መረጃ ጣልን። ስለዚህ ማንኛውም ክምችት ይህን ፈተና ሳያልፍ እንዳይሰራጭ ይጻፍልኝ፤ ይህ ከሆነ ደግሞ ባለን አቅም ከ12 ቬክተር በላይ አንችልም።

የልኬት ቡድን ተወካይ፦
በቁጥሩ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። በ260 ናኖሜትር የብርሃን ምጠት የምናገኘው አሃዝ ዲኤንኤ የያዙትን ቅንጣቶች የሚቆጥር ሲሆን፣ ህዋስን መበከል የሚችሉትን ከማይችሉት አይለይም። የፕላክ ቆጠራ (ቫይረሱ በህዋስ ንጣፍ ላይ የሚያበጃቸውን ባዶ ቦታዎች መቁጠር) ግን የሚበክሉትን ብቻ ስለሚያሳይ፣ በሁለቱ መካከል የ20 ወይም የ30 እጥፍ ልዩነት ቢገኝ አያስገርምም። አንዱ ላብራቶሪ «ለአንድ ህዋስ 50» ብሎ ቅንጣት ሲቆጥር፣ ሌላው በዚያው ቃል የሚበክል ቫይረስ ቢቆጥር ውጤታቸው እንዴት ሊነጻጸር ይችላል? በየብልቃጡ ላይ ሁለቱም አሃዞች ይሰፍሩ።

የህዋስ እርባታ ቡድን ተወካይ፦
መለኪያው ቢስተካከልም ህዋሳቱ እኩል አይቀበሉም። ዝርያ 5 በዋናነት ካር በተባለው ተቀባይ ላይ ስለሚጣበቅ፣ ይህ ተቀባይ ያነሰባቸው እንደ ፋይብሮብላስት (የአገናኝ ሕብረ ህዋስ) እና ሊምፎሳይት (ነጭ የደም ህዋስ) ያሉ ህዋሳት በተመሳሳይ መጠን እምብዛም ጂኑን አይገልጹም። ስለሆነም ከእያንዳንዱ ቬክተር ጋር፣ ፕሮሞተሩ (ጂኑን ሥራ የሚያስጀምረው የዲኤንኤ ክፍል) አንድ ሆኖ ጂን ያልያዘ ባዶ ቬክተርና አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን የያዘ ሌላ ቬክተር አብረው ይላኩ። ቬክተሩ ከህዋሱ ክሮሞሶም ጋር እምብዛም ስለማይዋሐድ፣ ህዋሱ ሦስት ጊዜ ከተከፈለ በየህዋሱ የሚቀረው ቅጂ በአማካይ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ስለዚህ መለኪያው የሚወሰድበት ሰዓትም በመመሪያው ይገለጽ፤ ይህን ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን።

የደኅንነት ተጠሪ፦
ሥራው በሥነ ሕይወታዊ ደኅንነት ደረጃ 2 ላብራቶሪ እንዲከናወን ይጻፍ። አዴኖቫይረስ የስብ ሽፋን ስለሌለው አልኮል ብቻውን አይበቃውም፤ በክሎሪን በረኪና እንዲጸዳ ይታዘዝ።

አስተባባሪ፦
እስካሁን በቀረበው መሠረት ቁጥሩን ወደ 12 ዝቅ አድርጌ፣ የኤ549 ፈተናን፣ ሁለቱን አሃዞችና ሁለቱን ማነጻጸሪያ ቬክተሮች በግዴታነት አስገብቻለሁ። ኢ1 እና ኢ3 (ለመባዛት የማያስፈልግ ሌላ የቫይረሱ ክፍል) የተቆረጡለት ቬክተር ከ8,000 ጥንድ ቤዝ ብዙም የማይበልጥ ጭነት ስለሚችል፣ ዲስትሮፊን የተባለውን የጡንቻ ፕሮቲን ጂን የመሰሉ ረጃጅም ጂኖች ከዚህ ዙር ውጭ ይሆናሉ። የቬክተር ዝግጅት ባለሙያችን የፈተናውን አንቀጽ ጽፈው ቢልኩልኝ፣ በረቂቁ ውስጥ አስገብቼ ለሁላችሁም አደርሳለሁ።