የቀረጥ ምደባን የሚቃወም አስመጪ ትክክለኛውን የታሪፍ ቁጥር ራሱ ማቅረብ አለበት?

አወያይ፦ ለጅማ ነጋዴዎች የቀረበ የሳምንቱ ክርክር ነው። አንድ ሰው ሄርማታ ላይ ለሚከፍተው ካፌ ባለ ሁለት እጅ የቡና ማሽን አስመጣ እንበል። ጉምሩክ ማሽኑን በታሪፍ ቁጥር (የቀረጡን ልክ በሚወስነው የዕቃ መለያ) 8516 «የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ» ብሎ መደበው፤ ሰውየው ግን በ8419፣ ማለትም ከቤት ዕቃ ውጪ ባሉ የማሞቂያና የማብሰያ መሣሪያዎች፣ መግባት ነበረበት ይላል። «ምደባው ስህተት ነው» ብሎ መጻፉ ይበቃዋል ወይስ ቁጥሩን ከነምክንያቱ ያምጣ?

የካፌ ባለቤት፦ ለምን ያምጣ? እኔ ማኪያቶ እሸጣለሁ እንጂ የታሪፍ መጽሐፍ አላጠናሁም። መጽሐፉም ሥልጠናውም ያለው መዳቢው የጉምሩክ ሠራተኛ ዘንድ ነው። ቀረጥ የጣለ ያስረዳ።

አስተላላፊው (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ)፦ እህቴ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ ከሄዱ ይሸነፋሉ። የ8419 አንቀጽ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውሉ ዓይነት መሣሪያዎችን በግልጽ ያስወጣል፤ 8516 ደግሞ እነዚያኑ ይቀበላል። ልብ ይበሉ፣ «ዓይነት» ነው የሚለው። ማሽኑን ማን ገዛው፣ የት ተተከለ የሚለው ብቻውን አይፈርድም። «ካፌ ውስጥ ነው የምጠቀምበት» ብለው አሥር ገጽ ቢጽፉ፣ ትንሿን የቤት ማሽንም ካፌ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል ይባላሉ። የሚያዋጣው ከጀርባው ከተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ዋቱን መገልበጥ፣ የማፍያውን ሊትር፣ ክብደቱን፣ የፋብሪካውን ካታሎግ ማያያዝ ነው። የቁጥሩ የመጀመሪያ 6 አሃዞች ሐርመናይዝድ ሲስተም የተባለውን ዓለም አቀፍ የዕቃ ምደባ ሥርዓት በሚከተሉ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው የአተረጓጎም ደንብም ከሁሉ በፊት የአንቀጹንና የማስታወሻውን ቃል ተመልከት ይላል። እኔ የማያቸው አቤቱታዎች ግን ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ባንክ ዕዳ ይተርካሉ፤ ስለ ማሽኑ አንድ መስመር የላቸውም።

ጠበቃ፦ ጋሼ ግማሹን ልክ ብለዋል። የአሜሪካን ሕግ ልጥቀስ፤ ጥያቄው እዚያ በደንብ ተፈትኗልና። አስመጪው የቀረጡ ስሌት ከተዘጋ በ180 ቀናት ውስጥ ተቃውሞውን በጽሑፍ ያስገባል። የትኛውን ውሳኔ፣ በየትኛው ዕቃ ላይ፣ በምን ምክንያት እንደሚቃወም በግልጽና በዝርዝር ካልጠቀሰ ተቃውሞው ዋጋ የለውም። ተቃውሞው ውድቅ ከተደረገ ሌላ 180 ቀን አለው፤ ክስ ሲመሠርት ግን የተወሰነበትን ቀረጥ ከፍሎ መገኘት አለበት። ቀድሞ ፍርድ ቤት ሲደርስ ሁለት ሸክም ነበረበት፤ የመንግሥት ምደባ ስህተት መሆኑን፣ የእርሱ ደግሞ ትክክል መሆኑን ማስረዳት። እ.ኤ.አ. በ1984 በጃርቪስ ክላርክ ጉዳይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ቀየረው፤ ሁለቱም ወገኖች ተሳስተው ቢሆን እንኳ ትክክለኛውን ምደባ ፍርድ ቤቱ መፈለግ አለበት አለ። የእኔም አቋም ይኸው ነው፦ ዝርዝር ምክንያት ግዴታ ይሁን፣ ቁጥር መሳት ግን መብት አያሳጣ።

ጠበቃ (በመቀጠል)፦ የእኛ ጉዳይ የሚመራው በጉምሩክ አዋጅ 859/2006 እና በማሻሻያው በ1160/2011 ነውና የአሜሪካንን ቀን ይዛችሁ እዚህ እንዳትቆጥሩ።

የካፌ ባለቤት፦ ከፍሎ መካሰስ ለትልቅ አስመጪ ነው። የእኔ ገንዘብ ማሽኑ ላይ አልቋል! ምክንያት ጻፊ ካላችሁኝ እጽፋለሁ፤ ሰሌዳውን አንብቦ መገልበጥ አያቅተኝም። ቁጥሩን ተዉልኝ።

አስተላላፊው፦ ቁጥር የሌለው አቤቱታ ሲቀርብ «ታዲያ የት ይግባ?» ተብሎ ይመለሳል። እስኪመላለስ የመጋዘን ኪራዩን ጠበቃው ይክፈል?

ጠበቃ፦ ቁጥር መጻፍ ይጠቅማል፣ አልካድኩም። ግዴታ ይሁን ሲባል ነው የምቃወመው። መዳቢው ራሱ የሚሳሳትበትን፣ ነጋዴዋ ስለሳተችው በሩ ይዘጋባት?

የጂረኑ ነጋዴ፦ ሁላችሁም የዘለላችሁት አለ። የእኛ ታሪፍ እስከ 35 በመቶ ይደርሳል። ከመከራከራችሁ በፊት የምትጠይቁት ቁጥር የቀረጥ ማስከፈያ ልኩ ዝቅ ያለ መሆኑን አረጋግጡ።