የባንድ ሶው ሞተሬ ንዝረት አልቆም አለ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ባለሙያዎች። ቤቴ እንጨት የምሠራበት ባንድ ሶው (እንደ ቀበቶ የሚዞር ምላጭ ያለው የመጋዝ ማሽን) አለኝ። ሞተሩ ባለ 220 ቮልት፣ ሲንግል ፌዝ፣ በደቂቃ 1,400 ዙር ገደማ የሚዞር ነው። ሲነሳ ጠረጴዛው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ያሰመርኩትን መስመር ተከትዬ መቁረጥ አቃተኝ።

ሞተሩን ከመጋዙ ጋር የሚያገናኘውን ቺንጋ አውልቄ ሞተሩን ብቻውን አስነሳሁት። ጸጥ ብሎ ዞረ። ስለዚህ ኩሽኔታው ደህና ይመስለኛል። ቺንጋው ሲመለስ ግን ንዝረቱም ይመለሳል። ሶኬቱን ነቅዬ፣ እርሳስ ከሞተሩ ፑሊ (ቺንጋው የሚያርፍበት መሽከርከሪያ) ጠርዝ አጠገብ ይዤ፣ ፑሊውን በእጄ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። አንድ ቦታ ላይ እርሳሱን ይነካል፤ ግማሽ ዙር ሲሄድ አንድ ሚሊ ያህል ይርቃል። ቺንጋውም ለረጅም ጊዜ ተወጥሮ ስለቆመ ፑሊው ላይ ያረፈበት ቦታ እንደታጠፈ ቀርቷል፤ መሬት ላይ ብዘረጋውም አይቃናም።

ከሁለቱ የቱን ላስቀድም? ፑሊውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስተካከል ያዋጣል ወይስ አዲስ መግዛቱ ይሻላል? ሞተሩ ሥር ጎማ አድርግበት ያሉኝም አሉ። እኔ ግን ምክንያቱን ሳላገኝ ንዝረቱን መሸፈን አልፈልግም። ደግሞ ጎማው ሲጨመቅ ቺንጋው የሚላላ ይመስለኛል። የገጠማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ የጀመርኩት አልጋ ቆሞብኛል።