ክርክር፦ አጠገቡ አዲስ ተሠርቶለታል፤ አሮጌው የአርማታ ድልድይ ይፍረስ ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ ድልድዩ በ1930ዎቹ የተሠራ የአርማታ ቅስት ነው። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንጻፍ።

ይፍረስ ባይ፦ ጄኖዋ ላይ በ2018 የተደረመሰው የሞራንዲ ድልድይ 43 ሰው ገድሏል። የተከፈተው በ1967 ነው፤ ከዚህኛው በእድሜ ያንሳል። ማሰሪያ ገመዶቹ በኮንክሪት ስለተሸፈኑ ዝገቱ ከውጭ አይታይም ነበር። እኛስ ምን አውቀን ነው የምናቆየው?

የጥገና ባለሙያ፦ ምሳሌው አይገጥምም። ያ በጥቂት ማሰሪያዎች የተንጠለጠለ ነው፤ አንዱ ሲበጠስ የሚተካው የለም። ቅስት ሸክሙን በግፊት ወደ መሠረቱ ያወርዳል። ፌሮው ሲዝግም ስለሚያብጥ አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ቡናማ ፈሳሽ ይወርዳል፣ ይረግፋል።

ደግሞ መመርመር ይቻላል። ከኮንክሪቱ ትንሽ ተሰብሮ ትኩሱ ስብራት ላይ ፌኖልፍታሊን የሚባል ቀለም የሚለውጥ ኬሚካል ይረጫል። ሮዝ የሆነው ክፍል አሁንም ፌሮውን ከዝገት ይከላከላል፤ ቀለም ያልያዘው መከላከል አቁሟል። ቀለም አልባው ከላይ ወደ ውስጥ 15 ሚሊ ሜትር፣ ፌሮውን የሸፈነው ኮንክሪት 30 ከሆነ ገና ጊዜ አለ። ሽፋኑም 15 ከሆነና እርጥበት ካለ ዝገቱ ጀምሯል ማለት ነው።

ይፍረስ ባይ፦ ከዚያ ልስን ለጥፎ ቀለም መቀባት ነዋ! ሳይከርም ይረግፋል።

የጥገና ባለሙያ፦ የሚረግፈው በአሠራሩ ነው። ጠርዙ በመጋዝ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ ከፌሮው ጀርባ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ይቦርቦር፤ ፌሮው ዝገቱ እስኪለቅ ይጽዳ። አሮጌው ኮንክሪት ውሃ ይጠጣ፤ ጉድጓዱ በሞርታር (በሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ) ሲሞላ ግን ላዩ ላይ ውሃ አይቋጠር። ከዚያ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ሆኖ ይሸፈን። ከነባሩ እጅግ የጠነከረ ሞርታር ጠርዙ ላይ ይላቀቃል። ጨው ገብቶ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ጥገና በዙሪያው ያለውን ፌሮ ዝገት ያባብሳል፤ እዚያ ከፌሮው ጋር ዚንክ ይታሰራል፣ በፌሮው ፈንታ እሱ ይበላል።

የመንገድ ባለሙያ፦ ውሃውን ረሳችሁት። የተደፈነ መውረጃና የሚያፈስ መጋጠሚያ ካልተስተካከለ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። በየጊዜው የተደረበው አስፋልትም ይነሳ፤ 10 ሴንቲ ሜትሩ ብቻ በካሬ ሜትር 240 ኪሎ ግራም ገደማ ይጭናል። ከሥሩ የውሃ መከላከያ ይነጠፍ።

ይፍረስ ባይ፦ ከባድ መኪናስ?

የቅርስ ተሟጋች፦ እሱ በአዲሱ ይሂድ። ፈረንሳይ፣ ብሬስት አጠገብ ያለው፣ መሐንዲሱ ፍሬሲኔ የሠራው የፕሉጋስቴል ድልድይ በ1930 ተመርቆ፣ በ1944 አንድ ቅስቱ ፈርሶ፣ ተጠግኖ ቆየ። በ1994 ጎኑ አዲስ ሲከፈት ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለእርሻ ተሽከርካሪ ተተወ። ስዊዘርላንድ ያለው የመሐንዲሱ የማያር ሳልጊናቶቤል ድልድይም 90 ሜትር የሚዘረጋ የ1930 ቅስት ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ታድሶ መኪና ያሳልፋል።

ይፍረስ ባይ፦ እንግዲያው የምርመራውና የመውረጃ ጽዳቱ በጀት በየዓመቱ በስሙ ይያዝለት። ካልተያዘለት ድምፄ ይፍረስ ነው።